በቁሟ የተነበበ ኑዛዜ

ውይይት ታክሲዋ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ትንፋሿ አለቀና ቀስ አለች። ይገዙ እስክትቆም አልጠበቀም። ፊት ለፊት ተፋጥጠው ከተቀመጡት ሰዎች ጉልበት መሐል የራሱን ጉልበት መንቅሮ አወጣና ወረደ፤ ኮቱን በግራ እጁ ደረቱ ላይ ጭብጥ አድርጎ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ኮረኮንች ሽቅብ ተያያዘው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዳገት በሩጫ ከወጣ ድፍን ሃያ ዓመት ሆኖታል። የሚያውቁት ሁሉ «ኧረ ይገዙ፣ በደህና ነው?» እያሉ ቢጣሩም ኮፍያውን ብድግ እያደረገ አለፋቸው። ኮቱ ውስጥ የያዘው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ያ ወረቀት ጠዋት ከቤት ሲወጣ የአንድ ቤት ዋስትና ነበር፤ አሁን ስኳር ቢጠቀልሉበት እንኳ የሚያምርበት አይመስልም።

ወረቀቱ የወይዘሮ ሙሉእመቤት ኑዛዜ ነው። ወይዘሮ ሙሉእመቤት የባላምባራስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሞቱ፣ አምላክ ልጅ አልሰጣቸውም፣ የሥጋ ዘመድ የሚባለውም እየተከታተለ አልቆ ብቻቸውን ቀሩ። በ1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤቶች አዋጅ ሲወጣ በግቢው ውስጥ የሚያከራዩዋቸው አራት ክፍሎች የቀበሌ ሆኑና ለእርሳቸው በረንዳ ያላት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተረፈቻቸው። ያቺን ቤት ለደሳለች ተናዘዙ። ደሳለች በስምንት ዓመቷ እዚህ ግቢ ገብታ ይኸው ሃያ ስድስት የሞላት፣ በየትኛውም አቅጣጫ ብትዞር የምትሄድበት የሌላት ሴት ናት። አስፈጻሚው ይገዙ እንዲሆን የተጻፈውም የሥጋ ዘመድ ስለሆነ አይደለም። ከሰላሌ ለትምህርት መጥቶ ሰባት ዓመት እንጀራቸውን የበላ የባላምባራስ አሽከር ልጅ ነው፤ «እትዬ ሙሉ» ይላቸዋል፣ የሚወዳቸውም እንደ እናት ነው።

ኑዛዜው የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ይገዙ ያን ቀን «አስፈጻሚ» መባሉ እንደ ሹመት ደስ ብሎት ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተውና ረሳው። ሐሙስ ዕለት የጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞች «ቤታቸው ገብተው ይረፉ» ሲሉት ግን የዚህ ሹመት ሥራ ምን እንደሆነ አለማወቁ ገረመው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቷል። ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ከሚኒስትር ቢመጣ እንኳ ይመልሳል። የሰው ወረቀት ሲመረምር የኖረ ሰው የገዛ አደራውን አንድ ቀን ገልጦ አላየም። ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣ አራዳ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ በጃንጥላ ሥር ወደሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊ ወደ አቶ ስብሐት ሄደ።

አቶ ስብሐት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ጻፈው?»

«የነፍስ አባታቸው፣ መምሬ ወልዱ።»

«እጁ ያማረ ነው። ግዝቱም ያስፈራል። ምስክሮቹ የፈረሙት የት ነው?»

«እትዬ ሙሉ ጣታቸውን አተሙ፤ መምሬም ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ዞሩ። አንዷ ቤቷ፣ አንዷ ገበያ፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ።»

«ሲነበብላቸው?»

«አልተነበበም። እትዬ ሙሉ በቁሜ እንዳይነበብብኝ ብለው ነበር።»

«እንግዲያው ይኼ ኑዛዜ አይደለም፤ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው» አሉ አቶ ስብሐት። ጣታቸውን አንድ ባንድ እያጠፉም ነገሩት። «አራት ምስክር። አራቱም ባንድ ሰዓት፣ ባንድ ቤት፣ እርሳቸው ፊት። ይነበብላቸው፤ መነበቡም እዚያው ወረቀቱ ላይ ከነቀኑ ይጻፍ። ሳይበተኑ ይፈርሙ። ስርዝ ድልዝ አይኑርበት። አንተ ብትጽፈው ጥሩ ነው፣ ግን ከምስክር አትቆጠርም። ልጅቷም ተቀባይ ናትና አትፈርምም።»

«ይኼ ሁሉ ካልሆነስ?»

«ወራሽ የሌለው ቤት የመንግሥት ነው። መንግሥት ማለት ደግሞ እናንተ ሰፈር ቀበሌያችሁ ነው።»

ይገዙ ይህን ማንም ሊነግረው አያስፈልገውም ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር እትዬ ሙሉ ገና ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ሁለት ጊዜ መጥቶ ቤቱን በእርምጃ ለክቶታል፤ ለወጣት ማኅበሩ ቢሮ ይሆናል ብሎም በሰው ፊት ተናግሯል። «እርስዎ አብረውኝ ቢመጡ?» ብሎ አቶ ስብሐትን ለመናቸው። «ከዚህ ጃንጥላ ሥር ተነስቼ ዳገት የምወጣበት እግር የለኝም። ይልቅ አንተ ያለህን እግር ተጠቀምበት» አሉት። ተጠቀመበት።

ግቢው ሲደርስ ደሳለች በሩ ላይ ቆማ አገኛት። አይኗ ቀልቷል። ምንም ሳይላት አልፎ ገባ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት በሽቦ አልጋው ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው ወደ በሩ ያያሉ። ፊታቸው ቢከሳም አንደበታቸው አልከሳም።

«ላብህን ጥረግ» አሉት። «ሰው የሞተ ይመስል ምን ያስሮጥሃል? እኔ ገና ነኝ።»

«እትዬ፣ ኑዛዜው ይነበብ።»

«ስሞት ይነበባል።»

«ያን ጊዜ ቢነበብ ሕግ አይሰማውም። ነገ ይነበብ፤ እርስዎ እየሰሙ፣ አራቱም ምስክሮች እየሰሙ። አለዚያ ፈራሽ ነው።»

«ፈራሽስ እኔ ነኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በቁሜ ተዝካሬን ልታወጣው ነው? አባቴ ዓርብ ኑዛዜውን አስነበበ፣ እሑድ ተቀበረ። ታላቅ እህቴም እንደዚሁ፤ አንብበው ሳይጨርሱ እጇ ቀዘቀዘ። በእኛ ዘር ኑዛዜ ማንበብ ሞትን በስሙ መጥራት ነው።»

«አባትዎ ሊሞቱ ስለነበር አስነበቡ እንጂ ስላስነበቡ አልሞቱም።»

«አንተ መዝገብ ቤት ነህ። ስለ ሞት ምን ታውቃለህ?»

«ስለ ሞት አላውቅም፤ ስለ ወረቀት አውቃለሁ» አለ ይገዙ። ድምፁ ከፍ ማለቱ ለራሱም ታወቀው፤ ዝቅ ግን አላደረገውም። «ይኼ ወረቀት እንዳለ ከቀረ እርስዎን ቀብረን በተመለስን ማግሥት ሊቀመንበሩ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ደሳለች አንሶላዋን ጠቅልላ ትወጣለች። እኔም አስፈጻሚ ተብዬ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። እርስዎ ይኼንን ይፈልጋሉ?»

ደሳለች ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች። «ተዋቸው ጋሼ ይገዙ፤ አታስጨንቃቸው። እኔ የትም አድራለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ! የትም የሚባል ሰፈር የለም» ብሎ ጮኸባት።

 ወይዘሮ ሙሉእመቤት ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ደሳለችን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ልጅቷ አይኗን ሰበረች። ይገዙ መጮሁ ጸጸተው፤ ነገር ግን የተናገረው እውነት ነበርና ይቅርታ አልጠየቀም።

«መምሬን ጥራልኝ» አሉ በመጨረሻ።

መምሬ ወልዱ ጭራቸውን እንደያዙ መጡና አልጋው ሥር ተቀመጡ። ነገሩን ከይገዙ አፍ ሲሰሙ የጥምጥማቸውን ጫፍ ይዘው ብዙ አሰቡ። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ እንኳን ሰው በግ ሲታረድ ማየት የማይሆንላቸው ቄስ ናቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «ያን ጊዜ አይነበብ ሲሉኝ እሺ ያልኩት ልቤ ደስ ብሎት ነው። ፊትዎን እያየሁ ‹ስሞት› የሚለውን ቃል ማንበብ ፈራሁ። ሞት የሚፈራ ቄስ አይተው አያውቁ እንደሆን ይኸው። ኃጢአቱ የኔ ነው። ጌታችንስ ቢሆን ሞቱን አስቀድሞ በገዛ አፉ ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው እንጂ መች ደበቃቸው?»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ወደ ይገዙ ዞሩ።

«ነገ ዓርብ አይደለም?»

«እሑድ ነው» አለ ይገዙ።

«እሑድ ይሻላል።»

ይገዙ የቀረውን ቀን በሰው ደጅ ሲዞር ዋለ። የሚያስፈልጉት በፊትም የፈረሙት ናቸው፤ መምሬ ወልዱ ራሳቸው፣ በርበሬ ቸርቻሪዋ ዘኪያ፣ ፈትል ፈታይዋ አስቻለች፣ አራተኛው ደግሞ የዕድሩ ዳኛ አቶ ብርሃኔ። ችግሩ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስሙ በቀይ ይሰመርበታል፣ የወሩ ስኳርም ይቀርበታል፣ ከስኳሩ ይልቅ ደግሞ ቀዩ መስመር ያስፈራል። እሑድ ጠዋት አራት ሰው ባንድ ቤት መሰብሰቡም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

«አንድ ሰዓት ላይ ኑ» አላቸው ይገዙ። «ከስብሰባው በፊት ያልቃል። እንዳልተደበቅንም ሰው ይወቅ፤ በሩን ከፍቼ ነው የማስነብበው።»

ዘኪያ የበርበሬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እሜቴ ሙሉ ልጄን ስወልድ ውሃ ያሞቁልኝ ሰው ናቸው፤ ስኳሩ ጥንቅር ይበል» አለች። አስቻለች ጥቂት ፈራች፣ ጥቂት አለቀሰች፣ ከዚያ እሺ አለች። አቶ ብርሃኔ ግን ደረታቸውን መቱ። «ጎህ ሳይቀድ እዚያ ያገኙኛል! እኔ የሰው ልጅ ነኝ! ብርሃኔ ቃሉን ካጠፈ መሬት ትክፈተው!» አቶ ብርሃኔ ለመሐላ የመጀመሪያ ናቸው። ይገዙ ያን ሁሉ መሐላ ሲሰማ ልቡ ትንሽ ጠረጠረ፤ ሌላ ሰው ለመፈለግ ግን ጊዜ አልነበረውም።

አመሻሹን ቤቱ ገብቶ ኑዛዜውን እንደ አቶ ስብሐት ምክር በአዲስ ወረቀት ገለበጠ። የመነበቡን ቃል ጨመረ፣ የቀኑን ቦታ ለየ፣ የምስክሮቹን ስም በተራ ደረደረ። አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ነበር የገለበጠው፤ ቃላቱን ግን እንደ ለመደው የቁጥርና የቀን አይኑ አለፋቸው።

እሑድ አንድ ሰዓት ላይ መምሬ፣ ዘኪያና አስቻለች በአልጋው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ነጭ ነጠላ አስለብሱኝ ብለው ለብሰዋል። ትንፋሻቸው ከትናንቱ አጥሯል። አቶ ብርሃኔ የሉም። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ የሉም። ይገዙ ደሳለችን ላካት። ሄዳ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሮጣ ተመለሰች።

«ሚስታቸው ከንጋት ጀምሮ አዳራሽ ናቸው አለች። የፊት ወንበር ልያዝ ብለው ነው አሉ።»

ዘኪያ «መሬትስ ምነው ዝም አለች?» አለች። አስቻለች ሳቋን በነጠላዋ ከለለች። ይገዙ አልሳቀም። ከሰፈሩ ሰው ማንን እንደሚጠራ እያሰበ በረንዳው ላይ ሲወጣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰልፍ ዘፈኑን ለቀቀ፤ ሰዉም በየበሩ እየወጣ ወደ አዳራሹ መፍሰስ ጀመረ። ለሚያገኘው ሁሉ እጁን ቢያነሳ ሁሉም ሰዓቱን እያሳየው አለፈ።

በዚህ መሐል ጓድ ኢታና መጣ። ኢታና የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ አርባ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ብብቱ ሥር መዝገብ የማይለየው ሰው። ድሮ እዚሁ ግቢ ከወይዘሮ ሙሉእመቤት አንዷን ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚኖረው። አሁንም ያችው ክፍል ውስጥ ነው፤ አከራዩ ብቻ ተለውጦ ቀበሌ ሆኗል።

«ጓድ ይገዙ» አለ በሩ ላይ ቆሞ፤ ወደ አልጋው ላለማየት ይጠነቀቃል። «ስብሰባ አለ። እዚህ ቤት ሰው ተሰብስቧል ተብሎ ሊቀመንበሩ ልኮኝ ነው። ይበተን።»

«ሊቀመንበሩ ምን ብሎ ላከህ? ልክ እንዳለው ንገረኝ።»

«ማን እንደገባ፣ ምን እንደሚያደርግ አይተህ ጽፈህ አምጣ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ግባ» አለ ይገዙ፤ ወንበር ስቦም ከአልጋው ራስጌ አስቀመጠለት። «ቆመህ ምን ታያለህ? የወይዘሮ ሙሉእመቤት ኑዛዜ ሊነበብ ነው። ቁጭ ብለህ ስማ። ከዚያ ያየኸውን ጻፍ፤ የምትጽፍበትን ወረቀትም እኔ እሰጥሃለሁ።»

ኢታና ወረቀቱን አየው። አራተኛውን ባዶ መስመር አየው። ደሙ ከፊቱ ሸሸ።

«አይሆንም። ቤቱን እኮ... ማለቴ፣ ሊቀመንበሩ ለቤቱ እቅድ አለው። የኔ ፊርማ እዚህ ላይ ከታየ በቃ፣ አለቀልኝ።»

«ያላየኸውን ፈርም አላልኩህም። አይተህ እንዳላየህ ልትሆን ከፈለግህ አሁኑኑ ውጣ፤ ለሊቀመንበሩም ምንም አላየሁም በለው። ካየህ ግን ፈርም። ሁለቱን ባንድ ላይ አትይዝም።»

 ያም ዘመን በአንድ ቃል ሰው የሚጠፋበት ዘመን ነበርና ኢታና ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ የይገዙ ነገር እዚያው ላይ ባበቃ። ኢታና ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። በሩን አየ፣ ወንበሩን አየ።

«ኢታና» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከአልጋው ላይ። «ወይ ግባ ወይ ውጣ። ብርድ አስገባህብኝ።»

ገባና ተቀመጠ። መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አደረገው።

ይገዙ ቆሞ አነበበ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኔ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ስሞት የሚፈጸም ኑዛዜዬን እንደሚከተለው ተናዝዣለሁ።» ‹ስሞት› ላይ ሲደርስ የመምሬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ የወይዘሮ ሙሉእመቤት ጣቶች ነጠላውን ሲይዙ አየ። አላቆመም። «በጉለሌ የሚገኘውን ባለ ሁለት ክፍል የመኖሪያ ቤቴን ከነሙሉ ዕቃው፣ ለብዙ ዘመን ላገለገለችኝ ለገረዴ ለደሳለች ቶለሳ...»

«ቆይ።»

ይገዙ ቀና አለ።

«ምን አልክ? ላገለገለችኝ ለማን?»

«‹ለገረዴ ለደሳለች› ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለ?»

መምሬ ወልዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዲያው ሰው የሚያውቀው በዚሁ ነው ብዬ፣ ግልጽ እንዲሆን...»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት በክርናቸው ሊነሱ ሞከሩ። አስቻለች ደገፈቻቸው። ብዙ ተነፈሱ፣ ሁሉም ጠበቃቸው።

«መምሬ አልተሳሳቱም» አሉ። «እንግዳ ሲመጣ ‹ማን ናት?› ሲለኝ ‹ቤት ውስጥ የምትረዳኝ ናት› እያልኩ ነው አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩ። ያልወለድኩትን ልጄ ብል ሰው ይስቅብኛል ብዬ። መካን ያሰኘኛል ብዬ። ኩፍኝ ሲይዛት ሰባት ሌሊት ታቅፌያት ያደርኩት ገረዴን ነው? ጳውሎስ ወለሉ ላይ ከአልጋዬ ሥር የተኛችው ገረዴ ናት? ይኼን ቃል መምሬ ጻፉት እንጂ እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።» ወደ ይገዙ ዞሩ። «ልጄ ብለህ ጻፍ።»

መጋረጃው ኋላ አንድ ዕቃ ወደቀ። ደሳለች ግን አልወጣችም።

ይገዙ ወረቀቱ ላይ ‹ለገረዴ› የምትለዋን ቃል ደግሞ አያት። ያቺን ቃል ትናንት ማታ በገዛ እጁ ገልብጧት፣ አንድም ነገር ሳይሰማው አልፏት ነበር። እርሱ ራሱ የአሽከር ልጅ ሆኖ ሳለ። አፈረ። ነገር ግን ጊዜው የማፈሪያ አልነበረም፤ ከውጭ ድምፅ ማጉያው ዘፈኑን አቁሞ የስም ጥሪው መድረሱን ያስታውቃል።

«ስርዝ ድልዝ አይቻልም» አለ። «እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።»

ኢታና ብድግ አለ። «ስም ሊጠራ ነው!»

«ያንተ ስም የሚጠራው አንተ በያዝከው መዝገብ አይደለም እንዴ?» አለችው ዘኪያ። «መዝገቡ እዚህ ነው። የትኛውን ስም ነው የሚጠሩት?»

እውነቷን ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ጸሐፊውን ይጠብቃል። ኢታና ተመልሶ ተቀመጠ።

ይገዙ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ጻፈ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ፈጥኖ፣ እንደዚያም ተጠንቅቆ ጽፎ አያውቅም። አጠገቡ የወይዘሮ ሙሉእመቤት ትንፋሽ ይሰማዋል፤ በዘገየ ቁጥር እጁ ይቆማል፣ ሲመለስ እጁም ይመለሳል። «በቀበሌ መታወቂያዋ ደሳለች ቶለሳ ለተባለችው ለልጄ» ብሎ ጻፈ። ማንም ዳኛ፣ ማንም ሊቀመንበር፣ ማናት ብሎ እንዳይጠይቅ። ጨረሰ። ተነስቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበው። ‹ስሞት› ላይ ሲደርስ በዚህኛው ጊዜ የማንም ጣት ነጠላ አልጨበጠም። ‹ለልጄ› ላይ ሲደርስ ወይዘሮ ሙሉእመቤት «እህ» አሉ፤ ልክ ሰው ቀና ብሎ ሸክም ሲያወርድ እንደሚለው።

አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠላቸው። መምሬ ፈረሙ። ዘኪያና አስቻለች ጣታቸውን አተሙ። ኢታና ብዕሩን ይዞ ቆየ።

«እዚህ ግቢ ስገባ ዕቃ አልነበረኝም» አለ ለማንም ሳይሆን። «አልጋ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።» ሙሉ ስሙን፣ ከሥሩም የሥራ ድርሻውን ጻፈና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ያን እሑድ አልሞቱም። ማክሰኞም አልሞቱም። «አየህ» ይሉት ነበር ይገዙን በየማታው፣ «ሳልሰማው የፈራሁት ሰምቼው ምንም አላለኝም።» በእነዚያ ቀናት ይገዙ የቤቱን ካርታ፣ የግብር ደረሰኞቹን፣ የደሳለችን መታወቂያ ቁጥር አሰባስቦ ኑዛዜውን ከእነርሱ ጋር ባንድ አቃፊ አደረገው፤ አስፈጻሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነም እየገባው መጣ። በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በእንቅልፋቸው አረፉ። ቁስቋም ተቀበሩ።

ሰልስት ዕለት ረፋድ ላይ ሊቀመንበሩ መጣ። ሁለት ታጣቂ አስከትሏል፤ አንደኛው ትልቅ ጓጉንቸር ይዟል። የዕድሩ ድንኳን ግቢውን ሞልቶታል፤ አቶ ብርሃኔ ከሁሉ በላይ ድምፃቸውን አሰምተው ወንበር ያዛሉ። ሊቀመንበሩን ሲያዩ ዝም አሉ። ቤት ውስጥ ሐዘንተኞቹ በፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ደሳለች ግን ሦስቱንም ቀን ፍራሹ ላይ አልተቀመጠችም። ይገዙ ቢለምናት፣ አስቻለች ብትጎትታት እምቢ ብላ ለለቀስተኛው ውሃ ስታቀርብ፣ ሰሐን ስታጥብ ነበር። ሰው «እግዜር ያጽናችሁ» ሲል አጎንብሳ በጎን ታልፋለች።

«ጓዶች፣ ለሐዘናችሁ እናዝናለን» አለ ሊቀመንበሩ። «ሟች ወራሽ ስለሌላት ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌው ነው። ለቅሶው ሲያበቃ ይታሸጋል።»

ይገዙ አቃፊውን ይዞ ተነሳ።  «ኑዛዜ አለ» አለና ሰጠው።

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ ተቀበለ፤ ማንበብ ጀመረ። ፈገግታው ከላይ ወደ ታች እየቀነሰ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድንኳኑ ውስጥ ወደተቀመጠው ጸሐፊው ዞረ።

«ይኼ ያንተ ፊርማ ነው?»

ኢታና ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ላየው ልከውኝ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሄድኩ። ሲነበብ ሰማሁ። ስሜን ጻፍኩ።»

 ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጣጥፎ አልመለሰም፤ እንደያዘው ቤቱን፣ በረንዳውን፣ ከዚያም ድንኳኑን ሙሉ ሰው አየ። እርሱም ሰው ነውና አንድ መውጫ ቀዳዳ ፈለገ።

«እዚህ ላይ ልጄ ይላል» አለ። «ወይዘሮ ሙሉእመቤት ልጅ እንዳልነበራት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅዋ ማን ናት? እስቲ አሳዩኝ።»

ይገዙ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ሕጉን ያውቀዋል፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ በቃሉ አጥንቶታል። ነገር ግን ቀድሞት ሌላ ድምፅ መለሰ።

ደሳለች በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ውስጥ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ወደ እርሷ ሲዞር እንደ ልማዷ አይኗን ሰበረች፤ ከዚያ ቀና አደረገችው። ትሪውን ወገቧን ጎንበስ አድርጋ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች።

«ልጅዋ እኔ ነኝ» አለች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። በለቀስተኛው መሐል አልፋ ወደ ውስጥ ገባች፤ አስቻለች ጠጋ አለችላት፣ እርሷም ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ከደጅ የነበረው ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን አልፎ በተራ እየገባ «እግዜር ያጽናሽ» ይላት ጀመር።